መኪናችሁ ውስጥ ጎርፍ ገብቷል? ቁልፉን ከመንካታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ጎርፍ እንዴት እንደሚመጣ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ላይ ጨርጨር ተራራ ላይ የጣለው ዝናብ ደረቅ የነበረውን ሸለቆ ሞልቶ ድንገት ይደርሳል። ቦኬ በሉት፣ በዴሳ፣ ገለምሶ፣ ሂርና፣ ሚኤሶ ወይም ጭሮ፣ ቦይ አጠገብ ወይም ዳገት ሥር የቆመ መኪና የትም አይጠፋም። ሰው ከተረፈ ተመስገን ነው። መኪናው ግን እስከ ወንበሩ ጭቃ ጠጥቶ ያድራል። ጠዋት ላይ ሰው ይሰበሰባል፣ ሁሉም መካኒክ ይሆናል። አንዱ "አስነሳው፣ ሲሞቅ ይደርቃል" ይላል። ሌላው "ፀሐይ ላይ አቁመው በቃ" ይላል።

ሁለቱም ምክር መኪና ይገድላል። የመጀመሪያው ወዲያው፣ ሁለተኛው ቀስ ብሎ።

ይህን የምለው ሲወራ ሰምቼ አይደለም። የአጎቴ ሚኒባስ ቦኬ ቆሞ ሳለ ሌሊት ውሃ ገባበት። ብዙም አልነበረም፣ ወንበሩ ጋ እንኳ አልደረሰም። በጣሳ ቀዳን፣ በጨርቅ ወለወልን፣ በሮቹን ከፍተን ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አቆምነው። ምንጣፉ በእጅ ሲዳሰስ ደርቋል። በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ተሳፋሪው "አቦ፣ ምን ሞቶበት ነው?" እያለ መስኮት መክፈት ጀመረ። ቀጥሎ የውስጥ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት፣ ከዚያ አንድ ቀን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አልነሳም አለ። መካኒኩ ምንጣፉን ሲገልጠው ከሥሩ ያለው ስፖንጅ አሁንም ሲጨመቅ ውሃ ያፈሳል። በዚያ ሥር ያለፉት ሽቦዎች መጋጠሚያቸው አረንጓዴ ሆኗል። አንድ ቤተሰብ የሚበላበት መኪና ከወር በላይ ቆመ።

ስህተታችን አንድ ነው፤ ላዩ ሲደርቅ የደረቀ መሰለን። የመኪና ወለል ደግሞ አንድ ነገር አይደለም። ከታች ላሜራው አለ። ከላሜራው በላይ ድምፅና ሙቀት እንዲከለክል የሚነጠፍ ስፖንጅ ወይም ከጨርቅ ቁርጥራጭ የተጠቀጠቀ ወፍራም ንጣፍ አለ። ከዚያ በላይ ነው እግራችን የሚረግጠው ሞኬት ያለው። የሞኬቱ ጀርባ ብዙ ጊዜ በጎማ ወይም በላስቲክ ነገር የተለበጠ ስለሆነ ከሥር ያለው ውሃ ወደ ላይ ተንኖ መውጫ የለውም። ፀሐዩ ሞኬቱን ያደርቃል፣ ስፖንጁ ግን ክዳን እንደተከደነ ድስት እርጥበቱን ይዞ ይቀመጣል። በዚያው ላይ ብዙ የሽቦ መስመር የሚያልፈው በወለሉ በኩል፣ በበሩ ደፍ ሥር ነው። ስለዚህ ውሃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ብቻ ቢሆንም ምንጣፉ መነሳት አለበት። ሳይነሳ የደረቀ መኪና አልደረቀም።

አሁን ከመጀመሪያው እንሂድ።

ውሃው እስኪጎድል መኪናው ጋ አትሂዱ። ይሄን መናገር ያስፈልጋል ወይ ትሉ ይሆናል፤ ያስፈልጋል። 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ሊያነሳ ይችላል፣ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ፒክአፕም ይወስዳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ከ250 በላይ ሰው የሞተው ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነው። አዲስ አበባም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአንድ ዝናብ ሰባት ሰው አጥታለች። መኪና ይተካል።

ውሃው ሲጎድል የመጀመሪያው ሥራ ስልክ ማውጣት ነው። ከውጭም ከውስጥም ፎቶ አንሱ። ጭቃው በሩ ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሠራው መስመር በደንብ ይታይ፣ ታርጋውም ይግባ። ይህ መስመር በኋላ ለኢንሹራንስም ለመካኒክም ይጠቅማል።

ከዚያ ቁልፉን ተዉት። ማስነሳት ብቻ ሳይሆን ኦን ማድረግም አይቻልም። ውሃ በአየር ፊልትሮው በኩል ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ከሆነ ፒስተኑ ሊጨምቀው ይሞክራል። አየር ይጨመቃል፣ ውሃ አይጨመቅም። የሚጎብጠው ቢዬላው ነው። በማድረቅ ይድን የነበረ መኪና ሞተር ማውረድ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ሞተሩ ባይነካ እንኳ ኦን ስታደርጉ ኤሌክትሪክ እርጥብ ሽቦ ውስጥ ይሄዳል፣ ፊውዝና ኮምፒውተር ያቃጥላል፣ መጋጠሚያዎቹንም በፍጥነት ያዝጋል። ስለዚህ ባትሪው ይፈታ። መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ጥቁሩን ገመድ። በአብዛኛው ቶዮታ ላይ 10 ቁልፍ ይበቃል። ሚኒባስ ከሆነ ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ጎርፍ ሞተሩ ጋ ለመድረስ ብዙ አይቸገርም። መኪናውን ማንቀሳቀስ ካስፈለገ ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ ግፉት። ማርሽ አስገብቶ እየገፉ ማስነሳት ግን በጭራሽ አይሞከርም፣ ያው ቢዬላውን የሚያጎብጠው ነገር ነው።

ሰዓቱ የሚቆጠረው ከዚህ በኋላ ነው። ሻጋታ እርጥብ ነገር ላይ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ መብቀል ይጀምራል። "ቅዳሜ ጋራዥ እወስደዋለሁ" የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

ኢንሹራንስ ካላችሁ ያኔውኑ ደውሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው ሦስተኛ ወገን የሚሸፍነው መኪናችሁ ሌላ ሰው ላይ ያደረሰውን ጉዳት ነው፣ የራሳችሁን መኪና አይደለም። ሙሉ ሽፋን የገዛችሁም ብትሆኑ ጎርፍ ውሉ ውስጥ በስም መኖር አለመኖሩን አንብቡ፣ ለብቻው ተጨምሮ የሚገዛበት ጊዜ አለ። ገምጋሚ እስኪመጣ እያላችሁ ግን መኪናውን አታሻግቱት። "ምንጣፉን ላነሳ ነው፣ ፎቶ አንስቻለሁ" ብላችሁ በስልክ አሳውቁ፣ የወጣውንም ዕቃ አትጣሉ።

ወደ ውስጥ ስትገቡ ጓንትና ቦቲ ጫማ አድርጉ። የከተማ ጎርፍ ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ሽንት ቤት አለበት፣ የጋራዥ ዘይት አለበት፣ የሞተ እንስሳ አለበት። ውሃውን በጣሳ ቀድታችሁ ከቀነሳችሁ በኋላ የተረፈውን በላሜራው ላይ ባሉት የጎማ ታፓዎች ታስወጣላችሁ። ብዙ መኪኖች ምንጣፉ ሥር እነዚህ አሏቸው፣ ከሥር በጣት ሲገፉ ይወጣሉ። ቦታቸውን አስታውሱ፣ በኋላ ካልተመለሱ መንገድ ላይ ያለ ኩሬ ሁሉ መግቢያ ያገኛል።

ቀጥሎ ወንበሮቹ። አራት ብሎን ነው፣ በአብዛኛው 14 ቁልፍ። ግን ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ተጠንቀቁ። ከወንበሩ ሥር ቢጫ መጋጠሚያ ያለው ሽቦ ካያችሁ እሱ የኤርባግ ነው። ባትሪው ከተፈታ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቆይ አትንኩት፣ በላምባዲናም በመልቲሜትርም አትለኩት። ሽቦው ከተነቀለም በኋላ ባትሪ መልሳችሁ ኦን አታድርጉ፣ የኤርባግ መብራት በርቶ ይቀራል። ይህንን የማያውቅ ሰው ወንበር እንዲፈታ አታድርጉ። የድሮ ሚኒባስና አይሱዙ ላይ ይሄ ጣጣ የለም፣ ወንበሩን ፈትታችሁ ማውጣት ነው።

ወንበር ከወጣ በኋላ የበሩን ደፍ ፕላስቲክ ትነቅላላችሁ፣ ምንጣፉ ይለቃል። ሲወጣ ክብደቱ ያስደነግጣችኋል። ደረቅ ሳለ አንድ ሰው በአንድ እጁ የሚያነሳው ምንጣፍ ለሁለት ሰው ይከብዳል፣ ልዩነቱ ውሃ ነው።

አሁን የሚመጣው ነገር ለብዙ ሰው አይዋጥም። ከማድረቅ በፊት እንደገና በንጹህ ውሃ ማርጠብ አለባችሁ። ጭቃው ቃጫው ውስጥ ከደረቀ ይጠነክራል፣ እርጥበት ይስባል፣ በየክረምቱ ይሸታል። ስለዚህ ምንጣፉን ዳገታማ ቦታ ወይም አጥር ላይ ዘርግታችሁ፣ የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ እጠቡት። ኦሞ ይበቃል። በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ላሜራና ፕላስቲክ ላይ አቅጥናችሁ አብሱበትና በንጹህ ውሃ አለቅልቁ፣ ብረት ስለሚበላ አይተው። ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በጭራሽ አትቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የደህንነት ቀበቶ ላይ በረኪና አይነካም። ቃጫውን ያደክመዋል፣ አደጋ ቀን ይበጠሳል። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት፣ በለስላሳ ሳሙና እጠቡት፣ ተዘርግቶ እስኪደርቅ በቁንጥጫ ያዙት።

ስፖንጁን በተመለከተ የኔ አስተያየት፣ ሽንት ቤት የነካው ጎርፍ ከሆነ ጣሉት። አትታገሉ። ከላይ ታጥቦ ከውስጥ የሚጸዳ ወፍራም ስፖንጅ የለም። ፍራሽ ቤት ሄዳችሁ አሮጌውን መለኪያ አድርጋችሁ አዲስ ማስቆረጥ ይቻላል። ከነበረው ውፍረት አይብለጥ፣ ካለበለዚያ ወንበሩ አይቀመጥም፣ ፔዳልም ሥር ይጣበቃል። የወንበሩም ስፖንጅ እንደዚያው ነው። ጎርፉ መቀመጫው ላይ ወጥቶ ከነበረ ልብሱ ይገፈፍ፣ ስፖንጁ ይታይ። ባጃጅ ላይ ደግሞ ይሄ ቀላል ነው። ምንጣፉ ላስቲክ ነው፣ አውጥቶ ማጠብ ይበቃል። ግን የመቀመጫው ስፖንጅ የተለበጠው በፕላስቲክ ስለሆነ ውሃ ከገባበት አይወጣም፣ ከሥር ያለውን ልባስ ፈትታችሁ አድርቁት።

የማድረቁ ነገር አገር ይለያያል። ሚኤሶ ቆላ ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ስፖንጅ አጥር ላይ ሰቅላችሁ በሁለት ቀን ይጠናቀቅ ይሆናል። ጭሮ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ በክረምት ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ። ያላችሁ ሰዓት ከጠዋቱ 3 እስከ 7 ሰዓት ቢሆን ነው። ያንን ሰዓት አታባክኑት፤ በሮቹ፣ ኮፋኖው፣ የኋላ በሩ ሁሉ ወለል ይበል። ጉም ሲመጣና ሲመሽ ዝጉት፣ እርጥብ አየር ማስገባት ማርጠብ ነው። ምንጣፉንና ስፖንጁን በየሁለት ሰዓቱ ገልብጡት። ማታ ማታ ከጣራ ሥር ይግባ። መብራት ካለ ቬንትሌተር ገዝታችሁም ተውሳችሁም አንዱን በር ላይ ወደ ውስጥ፣ ሌላውን በማዶ በኩል ወደ ውጭ አዙሩ። ነፋስ ከፀሐይ ይበልጣል። ፀሐይ የሚያሞቀው የሚያገኘውን ላይኛ ገጽ ብቻ ነው፣ ነፋስ ግን እርጥበቱን ከመኪናው አውጥቶ ይወስዳል።

ከሰል አቀጣጥሎ መኪና ውስጥ ማስገባት አለ፤ ሲሠራ አይቻለሁ። ይሄን ነገር ተዉ። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ ዝም ብሎ ይገድላል። መኪናው ነዳጅ እንዳለበትም አትርሱ። ያልተቀጣጠለ ከሰል በሣህን ማስቀመጥ ግን ሽታ ይስባል፣ ጥሩ ነው። ሩዝና ጨው የሚባለው ለሊትር ውሃ ምን ያደርጋል? ዕጣንና የተቆላ ቡና ሽታውን ይሸፍናሉ እንጂ ምንጩን አይነኩም። ሽታው ከተመለሰ የሆነ ቦታ ውሃ አለ ማለት ነው።

ምንጣፉ ውጭ ሲደርቅ እናንተ ሽቦው ላይ ትሠራላችሁ። ጭቃ የነካውን መጋጠሚያ አንድ በአንድ ፈትታችሁ ተመልከቱ። ብዙ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ከተሳፋሪው ፊት፣ ከእቃ ማስቀመጫው ኋላ ወይም ከእግሩ በኩል ነው፣ ውሃ ደርሶበት ከሆነ ለኤሌክትሪሽያን ስጡት። መጋጠሚያዎቹን በቧንቧ ውሃ አታለቅልቁ፣ ጨውና ማዕድን ይተውበታል። ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው የሚሻለው። ጠርሙሱን አንብቡ፣ አሲዱን እንዳትገዙ! አሲዱ የሚያድነውም ይበላል። ካለቀለቃችሁ በኋላ ከጎሚስታ ቤት ኮምፕሬሰር በዝግታ ንፉት። የኮምፕሬሰሩም አየር ውሃ ይይዛል፣ መጀመሪያ መሬት ላይ ለቃችሁ አስተንፍሱት። አረንጓዴ የሆነው ሚስማር ከተፋቀም በኋላ አስተማማኝ አይደለም፣ ቢቀየር ይሻላል። በተለይ የፍሬንና የኤርባግ ከሆነ ምንም ጥያቄ የለውም።

ባትሪው ከመመለሱ በፊት መካኒክ የሞተሩን ዘይት ይይ። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ አለበት። ካምቢዮና ዲፈረንሻሉም እንዲሁ፣ የፍሬን ዘይትም ይቀየር። ካንዴላዎቹ ወይም ኖዝሎቹ ወጥተው ሞተሩ በእጅ ይዙር። ይሄ የመካኒክ ሥራ ስለሆነ አልገባበትም።

ሞተሩ ጤነኛ ከሆነና ከተነሳ ኤሲ ካላችሁ ተጠቀሙበት። ኤሲ ከማቀዝቀዝ በላይ አየር ያደርቃል። ሙቀቱንም ኤሲውንም አብራችሁ ክፈቱ፣ አየሩ ከውጭ የሚገባበት ቦታ ላይ ይሁን፣ መስኮት ትንሽ ይተንፍስ። ከዚያ በፊት የኤሲውን ፊልትሮ ቀይሩት፣ ብዙ ጊዜ ከእቃ ማስቀመጫው ኋላ ነው። እርጥብ ፊልትሮ ሻጋታውን ፊታችሁ ላይ ነው የሚነፋው።

ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ከላይ ያለውን ግማሹን እርሱት። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኩ መብዛቱ አይቀርም፣ ስለዚህ መታወቅ አለበት። ብርቱካናማ ገመድ የተባለ ሁሉ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፣ አይነካም፣ አይፈታም። ባትሪው ውሃ ከገባበት ከቀናት በኋላም እሳት ሊነሳ ይችላል። ከቤትና ከሌላ መኪና ቢያንስ 15 ሜትር አርቃችሁ ሜዳ ላይ አቁሙት፣ ቻርጅ አታድርጉት። ጭስ፣ የማፏጨት ድምፅ ወይም እንግዳ ሽታ ካለ ራቁ። ውስጡን ማድረቅ የሚጀመረው ባለሙያ ከፍተኛውን መስመር ከቆረጠ በኋላ ነው።

ደርቋል ወይ የሚለውን በእጅ አትወስኑ፤ እኛ በእጅ ነው የተሸወድነው። ምንጣፉን ከመመለሳችሁ በፊት ወለሉ ላይ ያለውን ስፖንጅ በንጹህ ሶፍት ለአንድ ደቂቃ በጉልበት ተጫኑ፣ ሶፍቱ ከራሰ ገና ነው። ከዚያ አንድ ክንድ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ስፖንጁ ላይ አንጥፋችሁ ጠርዙን በፕላስተር አሽጉና አሳድሩት። ጠዋት ከሥሩ ጤዛ ካለ ውሃ አሁንም እየወጣ ነው፣ ሌላ ቀን ስጡት። ምንጣፉ ከገባም በኋላ መስኮት ዘግታችሁ አሳድሩ። የመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ጠዋት ጠዋት በጉም የሚሸፈን ከሆነ የሆነ ቦታ አልደረቀም። አብዛኛውን ጊዜ የበሩ ውስጥ ነው፣ ወይም ከትርፍ ጎማው ሥር።

ማዳን የማያዋጣበትም ጊዜ አለ። ውሃው ዳሽቦርዱን ከሸፈነ ኮምፒውተሩም፣ ኤርባጉም፣ ሽቦው በሙሉ ጠጥቷል። የሽቦና የኤሌክትሪሽያን ዋጋ ደምራችሁ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሳታስተያዩ ሥራ አታስጀምሩ። ግማሽ ተሠርቶ የቆመ መኪና ከሁሉም ይከፋል።

መኪና ልትገዙ ለምትሄዱ ደግሞ፣ ጎርፍ የበላው መኪና ታጥቦ፣ ሽቶ ተረጭቶበት፣ ጎርፉን ወደማያውቅ ከተማ ሄዶ ሊሸጥ ይችላል። ሊብሬው ላይ "ጎርፍ ገብቶበታል" ብሎ የሚጽፍ የለም። የወንበር ሐዲዱ ከመኪናው ዕድሜ በላይ ዝጎ ከሆነ፣ የወንበር ብሎኖቹ የቁልፍ ጭረት ካላቸው፣ አሮጌ መኪና ላይ ሞኬቱ ብቻ አዲስ ከሆነ፣ የፊት መብራቱ ውስጥ የጭቃ ውሃ መስመር ካለ ጠይቁ። ትርፍ ጎማውን አንሱና ከሥሩ ደለል ፈልጉ። ደላላው እያወራ ሳለ የደህንነት ቀበቶውን እስከ ጫፉ ሳቡት። አጣቢው ብዙ ጊዜ የማይደርሰው እዚያ ነው፣ ውሃው የቆመበት ቡናማ መስመር ቀበቶው ጥቅል ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል።